ሰሊጥ የማይገባበት ቤት

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰሊጥ የማይገባበት ቤት አንድ ነው፤ እሱም የኔ ነው። ለሌላ አገር ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ሰሊጥ ያልነካው ሰው የለም። ገበሬው ይዘራዋል፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ በቀን ሥራ ያጭደዋል፣ ነጋዴው ይገዛዋል፣ ሹፌሩ ይጭነዋል፣ ኬላው ይፈትሸዋል። እኔም ከአባቴ የወረስኩት ሥራ ሰሊጥ ነበር። የሽንፋን ሰሊጥ ከሸሕዲ ሰሊጥ በማሽተት ብቻ እለይ ነበር። ጆንያው ሳይፈታ እርጥበት እንዳለው እናገር ነበር። «የኸሊፋ አፍንጫ ሚዛን ነው» ይሉ ነበር ደላሎቹ፤ ሲሉኝም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዛሬ የላስቲክ ጫማና ሳሙና ነው የምሸጠው። ለዚህ ደግሞ አፍንጫ አያስፈልግም። ሥራዬን የተውኩት ለልጄ ስል ነው።

ሩፊዳ አምስት ዓመቷ ሳለ መጋዘኔ ውስጥ ጆንያ ለጆንያ ስትዘል ቆይታ ድንገት ወረደችና ጉልበቴን ያዘች። «አባ፣ ይሸታል» አለችኝ፣ አፍንጫዋን ጨምድዳ። «ምን ይሸታል?» ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። «ሰሊጥ ነዋ የኔ እናት፣ እዚህ ቤት ሌላ ምን ሊሸት ነው?» አልኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ ዓይኗ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ ከንፈሯን ትልስ ጀመር፣ ከዚያ እግሬ ሥር ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ያየ ሁሉ ክብሪት እየጫረ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ያን ቀን ተነሳችልን። ሳምንታት ቆይቶ ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ባለችበት፣ «አባ፣ ሰሊጥ ሸተተኝ» አለችና ደግማ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንደዚያው ሆነ። ሰሊጥ ሸተተኝ ትላለች፤ ትወድቃለች።

ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። ጎረቤቱ ጂን ነው አለ። ባለቤቴ ኩብራ የሰው ዓይን ነው አለች። እኔ ግን ነገር አውቃለሁ ባይ ነኝና በሁሉም ሳቅሁ። ልጅቱ ራሷ እየነገረችን ምን ጂን ፍለጋ ያስኬዳል? ሰሊጥ ሲሸታት ነው የሚጥላት። ኸላስ፣ አለቀ። መጋዘኑን ለሌላ ሰው ለቀቅሁ፣ ሚዛኑን ሸጥሁ፣ ቤቴን ከሰሊጥ አጸዳሁ። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ልብሱን ያራግፋል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ከተማው «ሰሊጥ የፈራው ኸሊፋ» እያለ ተሳለቀብኝ። ይሳለቅ፣ ልጅቱ የኔ እንጂ የነሱ አይደለችም።

ክፉው ጊዜ የአጨዳ ወቅት ነው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ሰሊጥ የጫነው መኪና ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ከመስቀል ጀምሮ እስከ ገና የመስኮቱን ቆርቆሮ ዘግቼ ስንጥቁን በጨርቅ እወትፋለሁ። የመተማን ሙቀት የማያውቅ ሰው የተወተፈ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ግድግዳው እንኳ ያልበዋል። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚያው ወቅት ነውና መጀመሪያ ዘግይታ ትገባ ነበር፣ ኋላ ጨርሳ ቀረች። ጨለማው ውስጥ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መኪና ማዳመጥ ለመደች። በድምፁ ብቻ የተጫነውን ከባዶው ትለያለች። «አባ፣ ይሄኛው ባዶ ነው፣ ትንሽ እንክፈት?» ትለኛለች። ቀጥሎ የሚመጣው የተጫነ ሊሆን ይችላል እላታለሁ። ሌላ መኪና ታዳምጣለች።

«ኸሊፋ፣ ልጅቱን አፈንካት እኮ!» ትለኛለች ኩብራ። «ሰው እንደ እህል ይታሸጋል?»

«ሰሊጥን ካንች በላይ አውቃለሁ» እላታለሁ። በተዘጋው ቤት ውስጥም መውደቋን አልተወችም። እኔም አንድ ቦታ ቀዳዳ ቀርቷል እላለሁ፣ ተጨማሪ ጨርቅ እፈልጋለሁ።

ኪኒን ያልሞከርንላት የለም። አንዱ ሲያቅተው ሌላ ይጨመራል፤ ያኛውም እንቅልፍ ብቻ ይሰጣታል። ድሮ ቢሆን በገላባት ድንበር ተሻግረን ካርቱም ነበር የምንታከመው። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ የካርቱም ሰው ራሱ ፍራሹን ተሸክሞ ወደኛ ይሻገራል። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋል፤ ተኩሱ አለ፣ ሰው ጠላፊው አለ። ከፊታችን ድንበር፣ ከኋላችን መንገድ፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ መስኮት፣ ሁሉም ተዘግቶብን ተቀመጥን። ትንፋሽ ያጥረኝ የነበረው በሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

አሥር ዓመት ሲሞላት መንገዱ በተከፈተ ቀን ወታደሮች አጅበውን ጎንደር ደረስን። እዚያ ያያት ሐኪም መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት የሚጥል በሽታ ነው አለኝ። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከኛዎቹ ጋር ሆነው ለጥቂት ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥ ሽቦ እያስገቡ የበሽታውን መነሻ እንደሚፈልጉ ነገረኝ፤ ስሟንም አስተላለፈልኝ። ወደ መተማ ተመልሰን ጠበቅን። በጥቅምት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሜዳው ላይ እየተራገፈ ሳለ፣ ኑ ተባልን። ኩብራ የምታጠባው ሕፃን ስላላት ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሸሕዲ ላይ መኪናችን ቆሞ አጃቢ ሲጠብቅ ባየልኝ መጣ። ባየልኝ የሽንፋ ገበሬ ነው፤ ስንት ዘመን ምርቱን ለኔ ብቻ ሲሸጥ የኖረ ወዳጄ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጥቁር ላስቲክ በእጄ አስያዘኝ።

«ለሐኪሙ ስጥልኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሐኪም ዘንድ በባዶ እጅ አይኬድም። የዘንድሮ ሰሊጥ ነው።»

«አብደሃል? ልጅቱ እኮ አብራኝ ናት!»

«በስማም ብየ ሦስት ጊዜ በላስቲክ ቋጥሬዋለሁ፣ እንኳን ሽታው ነፍሱም አይወጣም። የድሀ ስጦታ አትመልስ እንግዲህ።»

ልወረውረው ፈልጌ ነበር። ዓይኑን ሳየው አልቻልኩም፤ ከሻንጣው ሥር ከልብስ በታች ቀበርኩት። ሐኪሙ ጋ ስደርስ ግን በምን አፌ አውጥቼ እሰጣለሁ? ተረሳ።

ሐኪሙ ዶክተር ወንድማገኝ ይባላል። ለስላሳ ሰው ነው፤ ለስላሳነቱ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

«አቶ ኸሊፋ፣ ከላይ በራስ ቅሏ ቆዳ ላይ ሽቦ ለጥፈን ሞክረናል፣ ከየት እንደሚነሳ አልታየንም» አለኝ። «አሁን ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ውስጥ አስገብተን እንጠብቃለን።»

«ማንን ነው የምንጠብቀው?»

«የሚጥላትን ነዋ። ኪኒኑን እናቆማለን። ሲነሳባት ሽቦው መነሻውን ያሳየናል። ቦታው በደንብ ከታወቀ ያችን ቦታ ብቻ ቆርጠን እናወጣለን። ካልታወቀ በጭፍን አንቆርጥም።»

«ባይመጣስ?»

«ሽቦው ጭንቅላት ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፣ ያመረቅዛል። ካልመጣ አውጥተን እንሸኛችኋለን።»

ወዴት እንደሚሸኘን እሱ አላወቀም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ወደ ተወተፈው ቤት ነው።

ከመውደቋ በፊት ምን እንደሚሰማት ሲጠይቀኝ የሰሊጡን ነገር ከሥር መሠረቱ አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ «ሽታው በሽታውን አያመጣውም ብለን ነው የምናስበው» አለ። «ሽታው ራሱ የበሽታው መጀመሪያ ነው። ከውጭ አይገባም፣ ከውስጧ ነው የሚነሳው።» ለቀባሪው አረዱት! ሰሊጥን ለኔ! አምስት ዓመት ሙሉ ከጎኗ የነበርኩ እኔ፣ እሱ ደግሞ ትናንት ያያት። ዝም ያልኩት ልጄ በእጁ ስለሆነች ብቻ ነው።

ጭንቅላቷን ላጭተው፣ ሽቦዎቹን አስገብተው፣ በነጭ ፋሻ ጠቅልለው አመጧት። ሽቦዎቹ በአንድነት ተጎንጉነው ከማጅራቷ ወርደው ግድግዳው ላይ ካለ ሣጥን ጋር ተያይዘዋል። ስትነቃ በእጇ ዳሰሰቻቸው። «ሹሩባ ሠሩኝ?» አለች። ከዚያ ሻሿን ጠየቀችና ትርሐስ የምትባለው ነርስ በፋሻው ላይ ለቀቅ አድርጋ አሰረችላት። በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ያለው ነገርም በእጇ አስያዟት። «ሲሸትሽ፣ ወዲያው በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እሺ?» አላት ዶክተሩ። «እሺ» አለች።

መጠበቅ ጀመርን።

ሽቦው ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ድረስ ያደርሳታል፤ እስከ በሩ አያደርሳትም። ከጣሪያው ጥግ ካሜራ ያየናል። እኔ ካልተጠራሁ ከክፍሉ አልወጣም፤ ብወጣና ያኔ ቢጥላትስ? ሽንት ቤት ስሄድ እየሮጥኩ ነው። የሚገርመው እሷ ደስተኛ ነበረች። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ትርሐስ የላይኛውን መስታወት ትንሽ ገፋ ስታደርግላት ንፋሱ ሻሿን ያርገበግበዋል፣ ከታች መንገድ አለ፣ ታክሲ ይጮሃል፣ ሰው ይተላለፋል። «አባ፣ ሲኖትራክ ከላይ ሲያዩት እንደዝህ ነው እንዴ?» ትለኛለች። በድምፅ የምታውቀውን ሁሉ በዓይኗ እያየች ስም ታወጣለታለች። ታሳሪው እኔ ነበርኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፊቷን እጠብቃለሁ፤ ከንፈሯ ላሰ? ዓይኗ ዞረ? አልዞረም።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኛ የፈራነው አልደርስ አለ። አምስት ዓመት ሳይጠሩት በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ተጠርቶ ቀረ። ሶላቴን ጥግ ላይ ሰግጄ እጄን ለዱዓ ስዘረጋ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ ልለምን? ያ አላህ፣ ልጄን ጣልልኝ ልበል? አንድ ጊዜ ልለው ሞክሬ ግማሹ ላይ አቆምኩ። እጄን ፊቴ ላይ አሽቼ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲያ ዱዓ ሳላደርግ ነው የምነሳው።

ኩብራ ስልክ ሲሠራላት ትደውላለች። «መጣ?» ትላለች። «አልመጣም።» «አልሐምዱ...» ትልና ታቆማለች።

አንድ ቀን ዶክተር ወንድማገኝ ወረቀት ሳይሆን ስልኩን ይዞ መጥቶ የመሣሪያውን ምስል አሳየኝ። ሰልፍ የያዙ መስመሮች ናቸው፤ አንዷ መስመር ብቻ ተሸብሽባ ትታያለች።

«እዚች ቦታ አልፎ አልፎ ትንሽ ብልጭታ እናያለን» አለ። «የምንፈልገው ይህ ይሁን አይሁን ግን መሣሪያው አያውቅም። የምታውቀው ሩፊዳ ብቻ ናት። ልክ በዚያች ሰዓት ‹ሸተተኝ› ብትለን ይበቃን ነበር።» ወደሷ ዞረ። «ሩፊዳ፣ ምንም አልሸተተሽም?»

ሩፊዳ ወደ መስኮቱ ታያለች። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። «ምንም» አለች።

ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። ነገ ጧት ሽቦው መውጣት አለበት፣ ከዚህ በላይ ማቆየት አደጋ ነው አለኝ። አልተቆጣሁም፣ አልለመንኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የቤቴ ቆርቆሮ መስኮት ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ታድጋለች፣ እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ወድቃ አትነሳም። ያኔ ነው የባየልኝ ላስቲክ ትዝ ያለኝ።

ከምሳ በኋላ ትርሐስ ሳህኖቹን ሰብስባ ስትወጣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሳብኩ። የባየልኝ ቋጠሮ በጣት አልፈታ አለኝ፣ በጥርሴ በጠስኩት። የአዲስ ሰሊጥ ሽታ ወጣ። የሽንፋ ነው፣ በደንብ ደርቋል፣ ዝናብ አልነካውም። ከተለያየን አምስት ዓመት ሆኖን አፍንጫዬ አልረሳውም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል አይደል። ጀርባዬን ለካሜራው ሰጥቼ አንድ እፍኝ በመዳፎቼ መሃል አሸሁ፣ ሽታው እስኪነሳ ድረስ።

ኢብራሂም ዐለይሂ ሰላም ልጁን ሲያጋድም ታዞ ነው። እኔን ማን አዘዘኝ? ከቤቴ ያባረርኩትን፣ እንግዳ ያስታጠብኩበትን መርዝ በገዛ እጄ ይዤ ወደ ልጄ ሄድኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

«ሩፊ፣ ወዲህ ዙሪ እስቲ» አልኳት። መዳፌን አፍንጫዋ ሥር ዘርግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስትወድቅ ላለማየት ነው።

ስታሸት ሰማኋት። እንደገና አሸተተች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች። «ሽታው ደስ ሲል! ይበላል?»

ዓይኔን ገለጥኩ። አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ልትቀብረው ምንም አልቀራት።

«ሰሊጥ ነዋ» አልኳት።

«አይዶለም!» ሳቀች፣ የማሾፍባት መስሏት። «ሰሊጥማ እንደዝህ አይሸትም። ሰሊጥ መጥፎ ነው። ሆድ ይበላል። እንደ...» ፈለገች፣ የምታመሳስለው አጣች። «እንደ ምንም አይዶለም። ሰሊጥ ሰሊጥ ነው የሚሸተው።» ከመዳፌ ላይ ፍሬውን በጣቷ ለቅማ አፏ ውስጥ ከተተችና አኘከችው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ «ይሸታል» ብላኝ ነበር፣ ሌላ ምንም አላለችም። ሰሊጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ለኔ ዓለም ላይ ሌላ ሽታ ስለሌለ ያንን ስም የሌለውን ነገር ሰሊጥ ብዬ ሰየምኩላት። እሷም አባቷን አምና ያዘችው። ከዚያ ሰሊጥ የሚባለውን ነገር ሁሉ ከአጠገቧ አራቅሁባት፤ እውነተኛውን አሽትታ እንኳ «ይሄ አይዶለም» እንዳትለኝ። የመተማ ልጅ ሆና አሥር ዓመቷ ድረስ ሰሊጥ አታውቅም። ሐኪሙ ከውስጧ ነው ሲለኝ የተቆጣሁት እኔ፣ ከውስጧ ያለውን ከውጭ እንዳይገባ አምስት ዓመት በር ስደፍን ነበር የኖርኩት።

«ሩፊ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ያ መጥፎው፣ ያንችው ሰሊጥ፣ መጨረሻ መቸ ነው የሸተተሽ?»

ማኘኳን አቆመች። ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫዋ ሳበች፤ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ንገሪኝ እንጅ የኔ እናት።»

«ብነግርህ ትዘጋዋለህ።»

«ምኑን?»

«መስኮቱን» አለች።

ዶክተሩ ሲጠይቃት ለምን ወደ ውጭ ታይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቁልፉን ብትጫን አባቷ ጨርቅ ፍለጋ የሚነሳ መስሏት ነው። ጭንቅላቷን ተበስታ፣ ግድግዳ ላይ ታስራ፣ ይህቺን ታህል ብርሃን እንዳላሳጣት ከኔ እየደበቀችብኝ ነበር።

«ወላሂ አልዘጋውም» አልኳት።

«ጨርቅም አትወትፍም?»

«አልወትፍም።» ተነስቼ መስታወቱን እስከ ጥጉ ገፋሁት። የመንገዱ ጩኸት ሁሉ ገባ። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ፣ እሷም አየችኝ።

«ትናንትም ሸቶኛል» አለች። «ዛሬ ጧትም። ዶክተሩ ሲጠይቀኝም ትንሽ ሸቶኝ ነበር። ሳይጥለኝ ጠፋ እንጅ።»

«ከእንግዲህ ሲሸትሽ ተጫኚው። ስሙን ተይው። ሰሊጥ አትበይው። ሲመጣ ብቻ ተጫኚው።»

አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ እያየች ተቀመጠች። እኔ እጄ ላይ የቀረውን ሰሊጥ ጨብጬ ቁጭ አልኩ። ትርሐስ ገብታ መስኮቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም ሳትል የሩፊዳን ትራስ አስተካከለች። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ፀሐይዋ አልጋው እግር ላይ ስትደርስ፣ «አባ» አለች ሩፊዳ፣ ከውጭ ዓይኗን ሳትነቅል። «መጣ።»

ተጫነችው።

ትርሐስ በአንድ እርምጃ አጠገቧ ሆና ብርድ ልብሱን ገለጠች። «ሩፊዳ፣ ስሚኝ፣ ‹ብርቱካን› በይ!» አለቻት። «ብር...» አለች ሩፊዳ፤ ከንፈሯን ላሰች። ዓይኗ ወደ አንድ ጎን ሄደ። እጄ በልማዱ ወደ ኪሴ ክብሪት ፍለጋ ሲገባ ትርሐስ፣ «አይንኳት! ካሜራው ይያት!» ብላ ጮኸችብኝ። አልነካኋትም። የመስኮቱን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ልጄ ስትንዘፈዘፍ ቆሜ አየሁ። በዚያች ሰዓት የተውኩት ዱዓ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ያ አላህ፣ አሳያቸው፣ ቦታውን አሳያቸው አልኩ። ክፍሉ በሐኪም ሞላ።

ዶክተር ወንድማገኝ ቆይቶ ሲመጣ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። «ያችው ቦታ ናት» አለ። «ስትጫነው ልክ ከዚያች ብልጭታ ነው የተነሳው። አሁን አወቅነው።» የሚቆረጠው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ይድናል ብዬ አልምልልዎትም፣ ግን እንሞክራለን አለኝ። ስለ ሰሊጡ ነገርኩት፣ ሁሉንም። አልሳቀብኝም። ላስቲኩ ውስጥ የተረፈውን ሰሊጥ አውጥቼ ሰጠሁት። «ከሽንፋ ነው፣ ባየልኝ የሚባል ወዳጄ ልኮልዎት» አልኩት። ቆንጠር አድርጎ ቀመሰው።

ወደ ማታ ሩፊዳ ነቅታ ውኃ ስትጠጣ ኩብራ ደወለች።

«መጣ?» አለች።

«መጣ። ቦታውን አገኙት።»

ስታለቅስ ሰማኋት።

«ኩብራ፣ መስኮቱን ክፈችው።»

«የቱን መስኮት?»

«ሁሉንም። ጨርቁንም ንቀይው።»

«ኸሊፋ፣ የጭነት ወቅት እኮ ነው! መኪናው ሁሉ ሰሊጥ...»

«ይግባ» አልኳት። «ይግባ፣ የሚጥላት ሰሊጥ አይዶለም።»

አልገባትም፤ ተነሳች ግን። የቆርቆሮው መዝጊያ ሲጮህ፣ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከመተማ እስከዚያ ክፍል ተሰማ። ሩፊዳም ሰማችው፤ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። በደጃችን አስፋልት ላይ አንድ መኪና እያቃሰተ ሲያልፍ ይሰማል።

«የተጫነ ነው» አለችኝ።